መጀመሪያ ድምፁ፦ ኩዊን ከፍሬዲ መርኩሪ ጋር የሠራው የመጨረሻ አልበም

ኩዊን ስለተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የመጨረሻ አልበም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ ቮድካ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ ከፍታው የሚያስፈራ ዜማ ይዞ ይመጣል፤ ድምፃዊው ፍሬዲ መርኩሪ በጠና ታሟል፤ ሜይ ይችለው ይሆን እያለ ይሰጋል፤ ፍሬዲ ግን ቮድካውን ጨልጦ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆምና ይወጣዋል። ታሪኩን የሚናገረው ራሱ ሜይ ስለሆነ አልጠራጠረውም። ለሙዚቃ ሠሪ ግን የሚረባ ነገር የለውም። መጠጥ ድምፅ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ በባሕር ዳር ድምፃዊ ያልሆነ ሰው ባልተገኘ።

እኛ ጉዳዩን ያነሳነው በሌላ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምንለማመድ፣ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች የምንጫወት ጥቂት ሰዎች ነን፤ የእኔ ድርሻ ድምፅ መቅዳት ነው። በከተማው ሠርግና መድረክ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ድምፃዊ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉሮሯቸው እየደከመ ሄዷል። ጠዋት ላይ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፤ ከዚያ ይሻክራል። የድሮ ዘፈኖቻቸው በካሴት አሉ፤ ነገር ግን በጊዜው አሠራር ባንዱም ድምፁም በአንድነት ስለተቀዳ ከውስጡ የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ዛሬ ይህን የሚሞክሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ከአሮጌ ካሴት የሚያወጡት ግን ግማሹ የተበላ ድምፅ ነው። ስለዚህ እንደገና መቅዳት ሊኖርብን ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቻችን ቅንብሩ አልቆ፣ ባንዱ በደንብ ተለማምዶ፣ ጋሼ በመጨረሻ ይግቡ አለ። በወጉ ከሄድን ልክ ነው፤ ድምፃዊ ስቱዲዮ የሚገባው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ባንዱ ይቆይ፣ አስቀድሞ ድምፁ ይያዝ አልኩ። ክርክሩ ሲካረር በማስረጃነት ያቀረብኩት የኩዊንን ጉዳይ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ያው ማስረጃ ሰፋ ተደርጎ ሲጻፍ ነው። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ የነበረበት ሁኔታ

ኩዊን በ1970 ለንደን ላይ ተመሠረተ። ዛንዚባር የተወለደው ፍሬዲ በድምፅና በፒያኖ፣ ሜይ በጊታር፣ ሮጀር ቴይለር በድራም፤ በ1971 ደግሞ ጆን ዲከን በቤዝ ጊታር ተቀላቀላቸው። ከዚያ በኋላ ፍሬዲ በሕይወት እስካለ ድረስ ሰው አልተለወጠም። እኛን የሚነካ ታሪክም አላቸው፦ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በለንደኑ ዌምብሌ ስታዲየም በተካሄደው ላይቭ ኤይድ ላይ ሃያ አንድ ደቂቃ ያህል ተጫውተው የቀኑን ዝና ጠቅልለው ወሰዱ። በማግስቱ ዓመት፣ በነሐሴ 1978 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ፍሬዲ ከባንዱ ጋር የመጨረሻውን ኮንሰርት ኔብወርዝ በተባለ የእንግሊዝ ቦታ አቀረበ። በ1987 ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩን አወቀ።

ፍሬዲ በሕይወት እያለ ባንዱ ወደ መድረክ አልተመለሰም። ያለው ጉልበት ሁሉ ወደ ስቱዲዮ ዞረ።

በዚያው ሰሞን የወሰኑት አንድ ሌላ ነገር ለሥራው ፍጥነት ብዙ ረድቷል ብዬ አምናለሁ። አራቱም ዘፈን የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ለዓመታትም የሚጣሉት በዚሁ ነበር። በ1975 «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» በሸክላ ሲወጣ በጀርባው የተቀረጸው የቴይለር ዘፈን ነበር። ሸክላው በተሸጠ ቁጥር የጀርባው ዘፈን ደራሲም ከፊተኛው ደራሲ እኩል ይከፈለዋል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ያማጠበት ሥራ ሲሸጥ ሌላው ተጠግቶ እኩል ሲካፈል ቅሬታ መኖሩ አይቀርም። በ1989 በወጣው «ዘ ሚራክል» አልበም ላይ ግን ዘፈኖቹ በሙሉ በአራቱም ስም ተመዘገቡ። የማን ዘፈን ይግባ የሚለው ጭቅጭቅ ቀረና የትኛው ይሻላል የሚለው ብቻ ተረፈ። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ እያልን በስም መደርደር ለለመድነው ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ለሁሉም ይስማማል ማለቴም አይደለም። ዋጋም አስከፍሏቸዋል። ሜይ ከባንዱ ውጭ ካሉ ሁለት ሰዎች ጋር የጻፈው «ቱ መች ላቭ ዊል ኪል ዩ» የሚባል ዘፈን በፍሬዲ ድምፅ ተቀድቶ ካበቃ በኋላ በዚሁ የባለቤትነት ጉዳይ ከአልበሙ ወጣ። ያኔ እንደ ኪሳራ የተቆጠረው ያ ቅጂ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀማቸው እመለስበታለሁ።

በሕይወቱ የወጣው የመጨረሻው

«ኢንዩኤንዶ» የተባለው አልበም ከ1989 መጋቢት ጀምሮ እስከ 1990 ኅዳር ድረስ ለንደን በሚገኘው ሜትሮፖሊስ ስቱዲዮና በስዊዘርላንዷ ሞንትሩ ከተማ ተቀዳ። ሞንትሩ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። የጄኔቫ ሐይቅ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ይሁን እንጂ ሮን የተባለው ወንዝ በምሥራቅ ጫፉ ገብቶ በጄኔቫ በኩል እንደሚወጣ ሲነገር፣ ግልገል አባይ ገብቶ አባይ ሲወጣ ለሚያይ የባሕር ዳር ሰው ካርታው እንግዳ አይሆንበትም። ማውንቴን የተባለው ስቱዲዮ የነበረው በከተማዋ ካዚኖ ውስጥ ሲሆን፣ ባንዱ በ1978 አንድ አልበም ከቀዳበት በኋላ በ1979 ገዝቶታል። የድምፅ ባለሙያውና አብሮ አዘጋጁ ዴቪድ ሪቻርድስ ነበር። የራስ ስቱዲዮ መኖር ቅንጦት ይመስላል። በሰዓት የሚከፈልበት ስቱዲዮ ውስጥ ግን ለታመመ ድምፃዊ «ዛሬ አልቻልክም፣ ነገ ደህና ስትሆን እንቀጥላለን» ማለት አይቻልም። የኩዊን ሰዎች የሚሠሩት ፍሬዲ በሚችልባቸው ቀናትና በሚችላቸው ሰዓታት ነበር፤ ሌላው ጊዜ ሌላ ሥራ ይሠራበታል።

አልበሙ ሲሰማ የሕመምተኛ ሥራ አይመስልም። የመክፈቻው ዘፈን ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው፤ መሐል ላይ ወደ ስፔን ጊታር ይዞራል። ያን ጊታር ከተጫወቱት አንዱ የሌላ ባንድ ሰው፣ «የስ» የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃው ነው፤ ሞንትሩ ጎራ ብሎ ሊጠይቃቸው ሄዶ ግባና ሞክር ተባለ። ፍሬዲ ለድመቱ የዘፈነው ዘፈን እንኳን አለበት፤ ሜይ በጊታሩ ድመት ሲያስጮህ ይሰማል። ይህን አንዱን ዘፈን ሁልጊዜ አልፈዋለሁ።

የቮድካው ታሪክ ያለው የመጨረሻው ዘፈን ላይ ነው፦ «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን»። ቴይለርና ዲከን አንድ የኮርድ ተከታታይ ደጋግመው ሲጫወቱ ሜይ ሰማው፤ ከፍሬዲ ጋር ተቀምጠው ሐሳቡን ተነጋገሩበት፤ ቀሪውን ሜይ ጨረሰው። ዜማው ከፍ ስለሚል ለመመሪያነት ሜይ ራሱ በቀጭን ድምፅ ዘፈነበት። ፍሬዲ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ አሠራሩ ገና የተለመደው እንደነበር ልብ ይበሉ፦ አጃቢው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ድምፁ በመጨረሻ ይገባል። ፍሬዲ ያን ቀን ባይችል ኖሮ የተደከመበት ቅንብር ባዶውን ይቀር ነበር። ሰዎች ጀግንነት የሚሉትን ይህን ቀን እኔ ለጥቂት ያመለጠ አደጋ አድርጌ ነው የማየው። አልበሙ በየካቲት 1991 ወጥቶ በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም.

አልበም ከወጣ በኋላ ሰው ያርፋል። ፍሬዲ ግን ወደ ሞንትሩ ተመለሰ። ሜይና ቴይለር በተለያዩ ጊዜያት እንደተናገሩት የጠየቃቸው ነገር ግልጽ ነበር፦ ጊዜ የለኝም፣ የምዘፍነው ነገር ስጡኝ፣ የምችለውን ያህል እዘፍንላችኋለሁ፣ የቀረውን በኋላ እናንተ ጨርሱት። የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የሥራውን ቅደም ተከተል የገለበጠው ድምፃዊው ራሱ ነው።

«መዘር ላቭ» የተባለው ዘፈን የተቀዳው በግንቦት አጋማሽ ነው። ድራም አልነበረም፤ ምት የሚሰጥ ማሽን ከፈቱ። ሙሉ ግጥምም አልነበረም። ሜይ አንድ ስንኝ በወረቀት ይጭራል፤ ፍሬዲ ወረቀቱን ይቀበልና ይዘፍነዋል፤ አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ ያህል ደጋግሞ ያስቀዳና የሚቀጥለውን ይጠይቃል። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚሰጥና ማሲንቆውን ይዞ የሚቀበል ሰው ናቸው። ልዩነቱ አዝማሪው ግጥሙ ካለቀበት ከራሱ የሚጨምር መሆኑ ነው፤ ፍሬዲ ደግሞ ዜማውን ይጨምራል። መሐል ላይ እዚህ ጋ ከፍ ማለት አለበት ብሎ አቆማቸው፤ ቮድካው እዚህም ይገባል፤ ተነሥቶ ቆመና ከፍ ያለውን ክፍል ወጣው። የመጨረሻው ስንኝ ሲቀር ደክሞኛል፣ ሌላ ጊዜ መጥቼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ሄደ። ወደ ስቱዲዮው አልተመለሰም።

አንድ ስንኝ ሦስት ጊዜ መቀዳቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። አንዱ ቅጂ ላይ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ቃል ቢዋጥ ከሌላው ይወሰዳል፤ በኋላ ድምፃዊውን መልሶ መጥራት በማይቻልበት ሥራ ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። የምት ማሽኑም እንዲሁ። ድምፁ በማይዛነፍ ፍጥነት ስለተቀዳ ከዓመታት በኋላ ድራሙም፣ ቤዙም፣ ጊታሩም ሲገቡ ልክክ ብለው ተቀመጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፁ ለብቻው፣ በራሱ ትራክ ላይ ነበር። ከጋሼ ካሴትና ከፍሬዲ ቴፕ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን ፍሬዲ ሐይቁን እያየ «ኤ ዊንተርስ ቴል» የሚለውን ጻፈ፤ ራሱ የደረሰው የመጨረሻ ዘፈን ነው። ግንቦት 22 ቀን ደግሞ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው፣ ለንደን ላይ የመጨረሻውን የቪዲዮ ቀረጻ አደረገ። ክሳቱና የፊቱ መገርጣት እንዳይታይ በጥቁርና ነጭ እንዲወጣ ተደረገ።

ስለ ዝምታው ብዙ ማለት አልፈልግም። ባንዱ ለጋዜጠኞች ሕመሙን እየካደ ኖረ። ፍሬዲ ኤድስ እንዳለበት ያሳወቀው ኅዳር 23 ቀን 1991 ሲሆን በማግስቱ በ45 ዓመቱ ሞተ። ሕይወት የሚያራዝመው የመድኃኒት ጥምር በስፋት መሰጠት የጀመረው በ1996 አካባቢ ነው። በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር በሽታው ክፉኛ ከጎዳቸው ከተሞች አንዷ ስለነበረች «ባደረበት ሕመም» ተብሎ የሚታለፍ የለቅሶ ማስታወቂያ ምን እንደሚሸፍን እዚህ የሚጠፋው ሰው የለም።

ከሞቱ በኋላ

ቴፖቹ ከቆዩበት የወጡት በ1993 ነው። ቴይለርና ዲከን ጀመሩት፤ ሜይ የራሱን ኮንሰርት ይዞ ይዞር ነበር። ሲመለስና የደረሱበትን ሲሰማ አልወደደውም፤ ብዙው እንደገና ተሠራ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ የሌለ ሰው፣ ሁለት ዓመት የሚያህል ሥራ። «ሜድ ኢን ሄቨን» በኅዳር 1995 ወጣ፤ እሱም በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ።

አልበሙን ከፍተን ስናየው የተሰፋው ከብዙ ቁራጭ ነው። በ1991 የተቀዳው አልበም አይሞላም ነበር። ከ1980 የተረፈ አጭር የፒያኖ ቅጂ ተራዝሞ መክፈቻ ሆነ። በ1989 ከአልበም የወጣው «ቱ መች ላቭ ዊል ኪል ዩ» እዚህ ቦታ አገኘ። ፍሬዲ ለቴይለር ሌላ ባንድ የዘፈነው አንድ ዘፈን መጣ። «ዩ ዶንት ፉል ሚ» የሚባለውን ሪቻርድስ ከቁርጥራጭ ድምፅ አንድ በአንድ ገጣጥሞ ሠራው፤ ዘፈን መሆኑን እነሱም ያመኑት ከተገጣጠመ በኋላ ነው። «ሌት ሚ ሊቭ» ላይ የፍሬዲ ድምፅ ስላልበቃ ቴይለርና ሜይ ተራ በተራ ገቡበት። «መዘር ላቭ» ሲሰማ የቀረው የመጨረሻ ስንኝ ላይ ድምፁ ይቀየራል፤ የሚዘፍነው ሜይ ነው። ፍሬዲን ለመምሰል አይሞክርም። ባንዱ ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ የማከብረው ይህን ነው። ከሌላ ቅጂ ቃላት ለቃቅሞ ፍሬዲ የጨረሰው ማስመሰል ይቻል ነበር፤ ያው አልበም ውስጥ እንዲያ ያለ ልቅሞሽ አለና።

የማልስማማው በሁለት ዘፈኖች ነው። በ1985 ፍሬዲ ለብቻው ባወጣው አልበም ላይ የነበሩ ሁለት ዘፈኖች ድምፁ ተወስዶ አጃቢው በባንዱ ተተካ። አንደኛው የአልበሙ ስም ሆነ። ጥሩ ይደመጣሉ። ነገር ግን ፍሬዲ ጨርሱልኝ ያለው ያልጨረሰውን ነው፤ እነዚህን ግን እንደሚፈልገው አድርጎ ጨርሶ፣ በስሙ አትሞ፣ ለገበያ አውጥቷቸው ነበር። ቤዝ ተጫዋቻችን በዚህ አይስማማም፤ አዲሱ ከድሮው ይበልጣል ባይ ነው። ይበልጥ ይሆናል። ባንዱ የተጠየቀው ግን ያን አልነበረም።

ክርክሩን ጋሼ ቁጭ ብለው ሰሙት። ከዚያ ቤዝ ተጫዋቻችን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያልጨረሱትን ሌላ ሰው ቢጨርስልዎት ምን ይላሉ?»

«ማን እንደጨረሰው ይነገር። በእኔ ስም ሌላ ሰው እንዳይዘፍን።»

«ይጨርሰው ግን?»

«ካልጨረሰው ምን ሊሠራ መጣ?»

ይህንኑ በወረቀት አሰፈርነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ሰውየው ሲያልፍ ከልጆች ጋር ጠብ ይሆናል። የትኛው ዘፈን የማን ግጥምና ዜማ እንደሆነ፣ ሳይጠናቀቅ ቢቀር ማን እንዲጨርሰው እንደሚፈልጉ፣ የትኛው ጨርሶ እንዳይነካ፣ ሁሉንም ራሳቸው እየተናገሩ ጻፍነው። የማይነኩ ያሏቸው ዘፈኖች እኛ አስቀድመን ልንሠራቸው ያሰብናቸው ነበሩ።

የምት ማሽኑን ግን ከኩዊን አልወሰድንም። ችክችካ ላይ ይሆናል፤ የሠርግ ዘፈኖቻቸውን በእሱ ቀዳን። ትዝታና አምባሰል ላይ ጋሼ ስንኝ እንደ ስሜታቸው ያስረዝማሉ፣ ያሳጥራሉ፤ ማሽኑ ያን ሲከለክላቸው መዝፈን አቆሙና ተቀመጡ። ስለዚህ ክራር ተጫዋቹን በሌላ ክፍል አስቀምጠን፣ በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማሙ፣ የእሳቸው ድምፅ ብቻውን እንዲቀዳ አደረግን። በኋላ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ እሳቸውን መከተል አለበት፤ ለድራም ተጫዋቹ ፈተና ነው። ቅኝቱንም አስቀድመን ዝቅ አደረግነው፤ ከተቀዳ በኋላ ድምፅን ማውረድ የሰውየውን ለዛ ያበላሻልና። እያንዳንዱን ስንኝ ደጋግመን ያዝን። መብራት በማይጠፋበት ጠዋት፣ ጉሮሯቸው ሳይሻክር፣ ሲበቃቸው ደግሞ ሳንለምን እናቆማለን።

የዘፈኖቹ አብዛኛው ድምፅ አሁን በሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ ቅጂ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው ልጃቸው ቤት። ቅንብሩ ገና አልተጀመረም። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ድምፅ ብቻ ያለበትን ፋይል ተቀብሎኝ «በዚህ ላይ እንዴት ነው የሚሠራው?» እያለ ያጉረመርማል፤ ሆኖም ከወሰደው ወዲህ አልመለሰውም።